ስንብቱ ለስምንት ሲካፈል

ሰልሚያ ጥያቄዋን ይዛ የመጣችው የቢሮው ወንበሮች ለጨረታ ተለይተው ኮሪደሩ ላይ በተደረደሩበት ቀን ነው። ኅዳር ሃያ ሁለት። ከሥራ ከተሰናበተች ሦስት ሳምንት አልፏታል። በር ላይ ቆማ ነጠላዋን አስተካከለችና «እትዬ ሰገነት፣ ሥራ ካልያዘዎት አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነበር» አለች።

ድርጅቱ ወልቂጤ ላይ የእናቶች ጤና ፕሮጀክት ሲያካሂድ አሥራ ሰባት ዓመት ቆይቷል። ገንዘቡ ከውጭ ነበር የሚመጣው፤ በዚያው ዓመት ቆመ። ጥቅምት ሠላሳ ቀን አሥራ አንድ ሠራተኞች የስንብት ስምምነት ፈርመው ወጡ። የሒሳብ ሠራተኛዋ ሰገነት ብቻ መዝገቡን እንድታስረክብ እስከ ኅዳር መጨረሻ ቆየች። ከዚያ በኋላም ቢሮውን ለመዝጋት የሁለት ወር ውል እንደሚሰጣት ከአዲስ አበባ ተነግሯታል። ሁለት ልጆቿን ለብቻዋ የምታሳድግ፣ ትልቁን ዩኒቨርሲቲ ያስገባች ሴት ናትና የሁለት ወር ደመወዝ ለእሷ ቀላል ነገር አልነበረም።

«ነይ ግቢ፤ ጠይቂኝ» አለቻት።

ሰልሚያ አልተቀመጠችም። አሥር ዓመት ሙሉ ስታጸዳው በኖረችው ክፍል ውስጥ መቀመጥ አልለመደችም። «እኔ በወር አምስት ሺህ ብር ነበር የማገኘው። ከሷ ላይ ለግብር አምስት መቶ ትቆርጡብኝ ነበር።»

«አዎ።»

«ስንብቱ የስድስት ወር ደመወዝ ነው አላችሁኝ። ሠላሳ ሺህ። እኔ ቤት ቁጭ ብዬ ሳሰላው፣ አምስት መቶ ስድስት ጊዜ ሦስት ሺህ ነው የሚመጣው። የቆረጣችሁብኝ ግን ስምንት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ነው።»

ሰገነት መልሱ አፏ ላይ ነበር። ግብር ገቢ በጨመረ ቁጥር መጣኔው እንደሚያድግ፣ በአንድ ወር ውስጥ ሠላሳ ሺህ የተቀበለ ሰው በሠላሳ ሺህ ልክ እንደሚከፍል አስረዳቻት። ለሌሎቹም ያስረዳችው እንዲሁ ነበር። ሰልሚያ እስከ መጨረሻው ሰማቻት።

«ገብቶኛል» አለች። «ግን እትዬ፣ እኔ አንድም ወር የሠላሳ ሺህ ደመወዝተኛ ሆኜ አላውቅም። የስድስቱን ወር ነው አንድ ላይ የሰጣችሁኝ።» ከዚያ ስለ ልጆቹ ጠየቀች፤ ደህና ናቸው ስትባል ተሰናብታ ወጣች።

ሰገነት ወደ ኮምፒውተሯ ዞረች። የስንብቱን ሒሳብ የሠራችው ከዋናው መሥሪያ ቤት በተላከላት ቅጽ ነው። ቁጥሩን ታስገባለች፣ ግብሩን እሱ ያወጣዋል። አሥራ አራት ዓመት በዚህ ሥራ ላይ ስትቆይ አንድም ሰው አሰናብታ አታውቅም፤ ሰዎች በፈቃዳቸው ለቀው ይሄዱ ነበር እንጂ። ስለዚህ ቅጹን አምና ሠርታለች። አሁን ቀመሩን ከፍታ ስታየው ስንብቱን እንዳለ ወስዶ እንደ አንድ ወር ደመወዝ ይቆጥረዋል። ያንን ቀድሞም ታውቅ ነበር። ልክ ነው ወይ ብላ ግን ጠይቃ አታውቅም።

በማግስቱ ጠዋት ወደ ከተማው ገቢዎች ጽሕፈት ቤት ሄደች። የቅጥር ገቢ ግብር የምትመረምረው ሲፈን የምትባል ወጣት ባለሙያ ናት። ሰገነት በየወሩ የግብር ማሳወቂያ ስታስገባ ስለሚተዋወቁ ሲፈን ወረፋ አላስያዘቻትም። ሰገነት የማንንም ስም ሳትጠራ የአንድ ሰው ስንብት እንዴት እንደሚሰላ ጠየቀቻት።

«በመጨረሻው ወር ደመወዝ ይካፈላል» አለች ሲፈን። ጥያቄው እንግዳ አልሆነባትም። «ስንት ወር እንደሚወጣው ይታይና በእያንዳንዱ ወር ልክ ግብሩ ይሰላል። ከዚያ ይደመራል።»

«እንደ አንድ ወር ገቢ አይወሰድም?»

«አይወሰድም። እንደሱ ከሆነማ ሰውየው ሥራ ያጣ ዕለት ሀብታም ሆነ ማለት ነው።» ከዚያ ቀና ብላ አየቻት። «የእናንተው ነው እንዴ? እኔ እኮ ጠቅላላ ድምሩን ነበር ያየሁት፤ ከፍ ያለ ክፍያ መስሎኝ አለፍኩት።»

«የእኛው ነው» አለች ሰገነት። ማስተካከያ ማስገባት ይቻል እንደሆነ ጠየቀች። ይቻላል። የተስተካከለ ማሳወቂያ፣ በማኅተም የተደገፈ የድርጅቱ ደብዳቤና የእያንዳንዱ ሠራተኛ ፊርማ ያስፈልጋል። ገንዘቡ ተመላሽ ሲሆን የሚገባው ደግሞ ግብሩን በከፈለው በድርጅቱ የባንክ ሒሳብ ነው። ስንት ጊዜ ይፈጃል ስትላት ሲፈን ትከሻዋን ነቀነቀች። ሁለት ወርም ሊሆን ይችላል፣ ከዚያም ሊያልፍ ይችላል።

ሰገነት ከመነሳቷ በፊት ሌላ ጥያቄ ጨመረች። ድርጅቱ ከአምስት ዓመት ወዲህ የቆይታ አበል የሚባል ነገር ነበረው። ለያንዳንዱ ነባር ሠራተኛ በየዓመቱ የተወሰነ ብር ይያዝለታል፤ እስከ ፕሮጀክቱ መጨረሻ ከቆየ አንድ ላይ ይሰጠዋል። ይህስ በየዓመቱ ሊካፈል አይችልም? ሲፈን ትንሽ አሰበችና ጎኗ ያሉትን የሥራ ባልደረባዋን ጠይቃ ተመለሰች።

«እሱ አይሆንም። በእጃቸው የገባው በጥቅምት ነው። ገቢ የሚባለው ሲቀበሉት ነው፤ ከጥቅምት ደመወዛቸው ጋር ተደምሮ የተሠራው ልክ ነው።»

ቢሮ ተመልሳ የአሥራ አንዱንም ሰው ሒሳብ አዲስ ሠራች። እስከ ምሳ ሰዓት ወሰደባት። ከሁሉም በአንድነት መቶ ሃያ አንድ ሺህ ብር ከጥቂት ትርፍ ተቆርጧል። ከስንብታቸው አንጻር ብዙ የተጎዱት ትንሽ ደመወዝ የነበራቸው ናቸው። የሰልሚያ ግብር ራሷ ሰልሚያ እንዳለችው ሦስት ሺህ ብር ነበር መሆን የነበረበት።

ከሰዓት በኋላ ለአቶ ሀብተጊዮርጊስ ደወለች። አዲስ አበባ ያለው የድርጅቱ ፋይናንስ ኃላፊ ነው፤ በስልክ ለረጅም ጊዜ የሚያውቃት፣ በአካል ግን አራት ጊዜ ብቻ ያገኛት ሰው። ጨዋ ነው፤ ድምፁን ከፍ አድርጎ አያውቅም። እስክትጨርስ አዳመጣት።

«ወይዘሮ ሰገነት፣ ሰዎቹ ስምምነቱን ፈርመዋል አይደል? የመጨረሻው አንቀጽ ከድርጅቱ ምንም ቀሪ ጥያቄ የለኝም ይላል።»

«ፈርመዋል። ግን ይሄን ከድርጅቱ አይደለም የሚጠይቁት። ያላግባብ የተከፈለው ለመንግሥት ነው።»

«ይገባኛል። ችግሩ የወልቂጤው ሒሳብ ታኅሣሥ መጨረሻ ይዘጋል። ላቆየው ብል ለጋሾቹ ምክንያቱን በጽሑፍ ይጠይቁኛል። ቅጹ ደግሞ የወጣው ከእኛ ቢሮ ነው። የእርስዎ ስንብት ገና አልተከፈለም። እሱን በትክክለኛው መንገድ እንሠራዋለን። ያለፈውን ግን ባንነካካው ለሁላችንም ይሻላል።»

ሰገነት ምን ማለቱ እንደሆነ ገብቷታል። የእሷ ስንብት በትክክል ቢሠራ ትርፉ ለልጇ የአንድ መንፈቅ ወጪ ይሸፍናል። የሁለት ወሩ ውልም አለ። ሌሎቹ አያውቁም፤ ሰልሚያም ብትሆን ገብቶኛል ብላ ሄዳለች።

«ምክንያቱን እኔ እጽፈዋለሁ» አለች በመጨረሻ። «ማሳወቂያውን ያስገባሁት እኔ ነኝ፤ የፈረምኩትም እኔ ነኝ። ሳላጣራ ነው የሠራሁት። ደብዳቤው ላይ የሒሳብ ሠራተኛዋ ስህተት ተብሎ ይጻፍ። እርስዎ ማኅተሙን ብቻ ያድርጉልኝ፣ ሒሳቡም እስከ የካቲት ክፍት ይቆይ።»

«እንዲህ ያለ ደብዳቤ ግለ ማኅደርዎ ውስጥ ይገባል።»

«አውቃለሁ።»

«ስህተት አለብኝ ብሎ ለጻፈ ሰው ደግሞ የመዝጊያውን ውል ልሰጥ አልችልም። ኦዲተሮቹ አይቀበሉኝም።»

ይህንን አላሰበችውም ነበር። ስልኩን ከአንዱ ጆሮ ወደ ሌላው አዛወረችው። «እሺ» አለች። «ለሌላ ሰው ይስጡት።»

አቶ ሀብተጊዮርጊስ ደብዳቤውን እልካለሁ ብሎ ስልኩን ዘጋ። በአራተኛው ቀን ማኅተም ያረፈበት ደብዳቤ በፖስታ ቤት ደረሳት።

ፊርማ መሰብሰቡን ከቅርቡ ጀመረች። ሰባቱ እዚያው ወልቂጤ ነበሩ፣ ሦስቱን በየወረዳቸው አገኘቻቸው። አንዳንዱ አመሰገናት፣ አንዱ ነርስ ደግሞ ከመፈረሙ በፊት «መጀመሪያውኑ ለምን አላየሽውም?» ብሎ ጠየቃት። ያልጠበቀችው ጥያቄ አልነበረም። አላየሁትም፣ ስህተቴ ነው አለችው። ሰውየውም ፈረመ። የቀረው ዑመይር ብቻ ነበር።

ዑመይር አሥራ ስድስት ዓመት የድርጅቱን ላንድክሩዘር የነዳ ሰው ነው። ምጥ የጠናባቸውን እናቶች ከየገጠሩ አንስቶ አታት ሆስፒታል ሲያደርስ የመኪናውን ጎማ በጭቃ ውስጥ በእጁ ሲገፋ ብዙ ጊዜ ታይቷል። ቤተሰቡ ያለው ቡታጅራ ስለሆነ ከስንብቱ በኋላ ወደዚያው ጠቅልሎ ገብቷል። ሰገነት ታኅሣሥ ስድስት ቀን በጠዋት ተሳፍራ፣ መንገድ ላይ መኪና ቀይራ፣ ወደ እኩለ ቀን ግድም ቡታጅራ ደረሰች። ስልክ ስትደውልለት መናኸሪያ ነኝ አላት።

የሰው ሚኒባስ ይዞ ወደ እንሴኖ የሚጭኑት መኪኖች ተራ ውስጥ ቆሟል። ሲያያት ወረደና እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «እንኳን ደህና መጣሽ። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ነይ ከፊት ግቢ፤ ተራዬ እስኪደርስ ሦስት መኪና አለ።»

ከፊት ተቀመጠች። መስኮቱ ላይ ብርቱካን የሚሸጡ ሴቶች ይመላለሳሉ። ነገሩን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገረችው። ወረቀቱን አወጣችለት። ስንብቱ መቶ ሃያ ሺህ ነበር፣ የስምንት ወር። የተቆረጠበት ሠላሳ ዘጠኝ ሺህ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ነው። ለስምንት ተካፍሎ በየወሩ ሲሰላ ሃያ አምስት ሺህ ስድስት መቶ ነው የሚሆነው። ተመላሹ አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ ብር።

ዑመይር ወረቀቱን ተቀብሎ መሪው ላይ ዘረጋው። የመጨረሻውን ቁጥር በጣቱ ነካው።

«አሥራ አራት ሺህ ሦስት መቶ ሃምሳ» አለ።

«አዎ፣ ጋሽ ዑመይር።»

«ባጃጅ ልገዛ እንደነበር ሰምተሻል?»

አልሰማሁም አለችው። ነገራት። እንሴኖ ላይ አንድ ሰው ሦስት ዓመት የሠራች ባጃጅ በሦስት መቶ ሠላሳ ሺህ ሊሸጥለት ተዋውለው ነበር። አርባ ሺህ ቀብድ ሰጠ። መቶ ስድሳ ሺህ በባንክ ነበረው፤ የቀረውን መቶ ሠላሳ ሺህ ከስንብቱ ሊሞላ አሰበ። የስንብት ደብዳቤው ላይ ከቆይታ አበሉ ጋር መቶ ሃምሳ ሺህ ይላል፤ ግብሩን ቢበዛ ሃያ ሺህ ብሎ ገምቷል። እጁ ላይ የደረሰው ግን ዘጠና ዘጠኝ ሺህ አምስት መቶ ሃምሳ ሆነ።

«ሠላሳ ሺህ ከአራት መቶ ሃምሳ ጎደለኝ። የሚስቴ ወንድም አሥራ አምስት አበደረኝ። ሌላውን ብዞር ብዞር አላገኘሁም። ሰውየው ሁለት ሳምንት ጠብቆኝ ለሌላ ሸጣት። ሽማግሌ ብንልክበት ከቀብዱ ግማሹን መለሰ፤ ሃያው ሺህ ቀረ።»

ሰገነት ሥራዋ ነውና ቁጥሩ ሳትፈልገው በጭንቅላቷ ውስጥ ተሠራ። ከብድሩ በኋላ የጎደለው አሥራ አምስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳ ነው። እሷ ያላግባብ የቆረጠችበት ሲቀነስ የሚቀረው አንድ ሺህ አንድ መቶ ብር ነበር። እሱም አስልቶት እንደሆነ ለማወቅ ቀና ብላ አየችው።

«ሺህ መቶዋን» አለ ዑመይር ከፊት የቆመውን መኪና እያየ «ከመንገድ አገኛት ነበር።»

ከፊት ያለው መኪና ሞልቶ ወጣ፤ ዑመይር ሞተር አስነስቶ አንድ ቦታ ወደፊት ተጠጋና አጠፋ።

«ጋሽ ዑመይር፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። አጣርቼ ቢሆን ኖሮ ባጃጇን ይገዙ ነበር።»

«ቅጹ ከአዲስ አበባ ነው የመጣው አላልሽም?»

«ቅጹ ከዚያ ነው። የፈረምኩት እኔ ነኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። ነገሩን ይቀበለው አይቀበለው አልታወቃትም። ከዚያ ሌላ ነገር ጠየቃት። «ያ ሠላሳ ሺሁስ? የቆይታው። ከሱም አሥር ሺህ አምስት መቶ ወስዳችኋል።»

«እሱ አይመለስም። ጠይቄልዎታለሁ።»

«በየዓመቱ ስድስት ሺህ ነው የያዛችሁልኝ። ያኔ በያመቱ ብትሰጡኝ ደመወዜም ትንሽ ነበር፣ ግብሩም ያንስ ነበር። ያቆያችሁት እናንተ፣ የከፈልኩት እኔ።»

«እውነትዎን ነው» አለች። «ግን የእርስዎ ገቢ የሚባለው እጅዎ ከገባ በኋላ ነው። እስከዚያ የድርጅቱ ነበር።»

«እኔ ደግሞ አምስት ዓመት የእኔ መስሎኝ ሳስቀምጠው ኖርኩ።» ፈገግ አለ፤ ቁጣ አልነበረበትም፤ ብዙ ፈገግታም አልነበረውም። እስክሪብቶ ተቀብሎ ፈረመ። ተራው ደረሰና መንገደኞች መግባት ጀመሩ። ሰገነት ልትወርድ ስትል «ምሳ ሳትበዪ አትሂጂ፤ መሕቡባ ቤት አለች፣ ባጃጅ ይዘሽ ሂጂ» አላት። መሕቡባ ሚስቱ ናት። ሰገነት መኪና ያመልጠኛል ብላ አመሰገነችው። እውነቱን ለመናገር ለወልቂጤ ገና ብዙ መኪና ነበር፤ የሴትዮዋን ፊት ማየት ስለከበዳት ነው።

ማመልከቻው በማግስቱ ገባ። ሲፈን ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አመሳከረችና ሁለት ቦታ ላይ የሳንቲም ልዩነት አግኝታ አስተካከለች። ከዚያ ፋይሉ ከጠረጴዛ ወደ ጠረጴዛ ሄደ። ሰገነት በየሳምንቱ ማክሰኞ ትጠይቃለች። አንድ ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው ተባለች፣ ሌላ ጊዜ የበጀት ኮድ ጠፍቷል ተባለች። ሦስተኛው ላይ የቀድሞው ደብዳቤ ቀን አልተጻፈበትም ተብላ እንደገና ወደ አዲስ አበባ ላከች። አቶ ሀብተጊዮርጊስ ያለ ምንም ንግግር ቀኑን ሞልቶ መለሰላት። የራሷ ስንብት በዚሁ መሃል በትክክለኛው ስሌት ተከፈላት። የመዝጊያውን ሥራ ከአዲስ አበባ የመጣ ሰው ጨረሰው፤ መዝገቡ የት እንዳለ ለማወቅ ሁለት ጊዜ ደውሎላት በደንብ አስረድታዋለች።

ከጥር ጀምሮ ለአንድ የሕንፃ መሣሪያ ሱቅና ለአንድ የዱቄት ፋብሪካ በሳምንት ሦስት ቀን ሒሳብ መያዝ ጀመረች። ደመወዙ የበፊቱን ግማሽ አይሞላም። ትልቁ ልጇ ማታ ማታ ተማሪ እያስጠና የራሱን ኪስ መቻል ጀመረ፤ እሷ አልጠየቀችውም፣ እሱም አላወራውም።

ተመላሹ የካቲት አሥራ አንድ ቀን በድርጅቱ ሒሳብ ገባ። ሒሳቡ ሊዘጋ ሁለት ሳምንት ተኩል ቀርቶት ነበር። ለአሥራ አንዱም ክፍያ ተዘጋጀ። ሰልሚያ አምስት ሺህ አራት መቶ ሃምሳዋን ባንክ ቤት ስትቀበል ሰገነት አብራት ነበረች። ሰልሚያ ብሩን ሁለት ጊዜ ቆጥራ በመሃረብ ጠቀለለችው። ገበያ መሃል የቅመማ ቅመም መደብ ልትከራይ እንደሆነ ነገረቻት፤ የሦስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ይጠይቃሉ፣ ይሄ ይሞላልኛል አለች። ከዚያ ጠጋ ብላ ድምፅዋን ዝቅ አደረገችና «በእኔ ምክንያት ነው ውሉን ያጡት ይባላል፤ እውነት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«ባንቺ ምክንያት አይደለም» አለቻት ሰገነት። «አንቺ ልክ ነበርሽ።»

ዑመይር ገንዘቡ በባንክ እንዲላክለት ነበር የፈረመው። የገባለት ዕለት ደወለ። ደርሶኛል፣ አላህ ይስጥሽ አለ። ስለ ባጃጅ አላነሳም፤ እሷም አልጠየቀችም። የሚስቱን ወንድም ብድር ቀድሞ መልሶ ስለነበር ገንዘቡን ከመቶ ስድሳ ሺሁና ከስንብቱ ጋር ባንክ አስቀምጦታል። የባጃጅ ዋጋ ግን በእነዚያ ሦስት ወራት ውስጥ ወደ አራት መቶ ሺህ ተጠግቷል፤ ይህን የነገራት ሌላ ሰው ነው።

ሚያዝያ ላይ የሱቁ ባለቤት ዕቃ አስጭኚልኝ ብሎ ቡታጅራ ላካት። ሥራዋን ጨርሳ በመናኸሪያው በኩል ስታልፍ ዑመይርን ከሩቅ አየችው። በሚኒባሱ በር ላይ ተደግፎ ከሌላ ሾፌር ጋር ያወራል፤ ጢሙን አሳጥሯል፣ ትንሽ ከስቷል። አያት። እጁን አነሳ። እሷም እጇን አነሳች። መንገዱን ተሻግራ ሄዳ ሰላም ልትለው አሰበች፣ አንድ ሁለት እርምጃም ወደዚያው ተራመደች። በዚያው መሃል ተራው ደርሶ ኖሮ ዑመይር ወደ መሪው ገባ፤ መንገደኞቹ ተጋፍተው ገቡና መኪናው ወደ እንሴኖ ወጣ። ሰገነት ጥቂት ቆየችና የወልቂጤውን መኪና ፍለጋ ሄደች።